ከፍታ የሚፈራው አውሮፕላን

በመጽሔታችን የመጽሐፍና የመዝሙር ዳሰሳ ማንበብ ለምዳችኋል። የዛሬው ግን የመጫወቻ ዳሰሳ ነው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ ሳቃችሁን ስትጨርሱ ግን አንብቡት። ይህ መጫወቻ ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ይናገራል፤ ከሚናገረው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ውሸት ነው። ውሸቱን ደግሞ ከመድረክ ላይ ሲሰበክ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ እናንተም ሳትሰሙት አትቀሩም።

መጫወቻው አምስት አውሮፕላኖች ነው። አንዱ ትልቅ የመንገደኛ ጄት፣ አራቱ አነስ አነስ ያሉ የጦር ጄቶች ናቸው። የእያንዳንዱ ክንፍ ታጥፎ፣ አፍንጫው ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ ከሆዱ ሥር እግር ሲመዘዝ ሮቦት ይሆናል። ከዚያ አምስቱ ሮቦቶች እንደገና ተጣጥፈው ይጋጠማሉ፤ ትልቁ ደረትና ጭን ይሆናል፣ ከትንንሾቹ ሁለቱ ክንድ፣ ሁለቱ እግር። አንድ ግዙፍ ሮቦት ይቆማል። ይቆማል ስል ታዲያ ጠረጴዛ ላይ፣ ማንም ካልነካው ነው።

የእኛው ያለው ጌዶ ውስጥ፣ በሰንበት ትምህርት ክፍላችን መደርደሪያ ላይ ነው። ከመርካቶ የተገዛ ነው፤ ሣጥኑ ላይ የሠሪው ስም የለም፤ የታወቀውን መጫወቻ አስመስሎ የሠራ የአንድ ስም የለሽ ፋብሪካ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የቀኝ ጉልበቱ ላላ ያለ ነው። ጭብጦቹና የእግሩ መርገጫዎች ለብቻቸው የሚሰኩ ቁርጥራጮች ስለሆኑ ሁልጊዜ የሚገኙት ከአግዳሚ ወንበር ሥር ተፈልገው ነው። የአንዱ ጄት የክንፍ ቀለም አንድ ክረምት እንኳ አልቆየም። እንዲህም ሆኖ ልጆቹ ይወዱታል። የጌዶ ልጅ መጫወቻ ማለት እጁ የሠራው ነው፦ ሽቦ አጣጥፎ መኪና ያደርጋል፣ ከአሮጌ ሸበጥ ጎማ ይቆርጣል፣ ከበቆሎ አገዳ አውሮፕላን ይሰካል። ስለዚህ ይህን ነገር ያዩ ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ስንት ብር ነው?" አልነበረም፤ "የት ጋ ነው የሚታጠፈው?" ነበር። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ የመመሪያ ወረቀቱን ሳያይ በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስቱንም አጋጠማቸው። እኔ ወረቀቱን ይዤ ከዚያ በላይ ፈጅቶብኛል።

ዋናው መጫወቻ ታሪክ አለው። የአሜሪካው ሃዝብሮ ከጃፓኑ ታካራ ጋር ተስማምቶ ትራንስፎርመርስ የተባሉትን ተለዋዋጭ ሮቦቶች ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። አምስቱ ጄቶች በ1986 ተከተሉ፤ የጋራ ስማቸው ኤሪያልቦትስ፣ ተጋጥመው የሚሆኑት ግዙፍ ሮቦት ደግሞ ሱፐሪዮን ይባላል። አራቱ ትንንሾች ከእውነተኛ የጦር አውሮፕላኖች የተቀዱ ናቸው፦ ኤፍ 15፣ ኤፍ 16፣ ኤፍ 4 ፋንተም እና ከቆመበት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚነሣው ሃሪየር። አምስተኛውና መሪው ኮንኮርድ ነው። ኮንኮርድን የአብዛኞቻችሁ ዕድሜ አልደረሰበትም፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ የሠሩት፣ ድምፅን በእጥፍ የሚቀድም የመንገደኛ አውሮፕላን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ለመጀመሪያ ጊዜ በርሮ በ2003 ከአገልግሎት ወጣ። ስሙ ስምምነት ማለት ነው። ሁለቱ አገሮች ግን በስሙ መጨረሻ ላይ ስለምትጻፍ አንዲት ፊደል ተነታርከዋል። ስምምነት ብለው በሰየሙት ላይ! መዘምራኖቻችን ስለ ዩኒፎርም ቀለም ሲከራከሩ ይህን እያሰብኩ እጽናናለሁ።

ልጆቹን የያዛቸው ግን የአውሮፕላኖቹ ዓይነት ሳይሆን ጠባያቸው ነው። በዋናው መጫወቻ ሣጥን ጀርባ ላይ የእያንዳንዱ ሮቦት ጠባይ በአጭሩ ተጽፎ ነበር፤ የእኛው ሣጥን ስለሌለው በቃል ነገርኳቸው። ኤር ሬይድ ከሩቅ መተኮስ ሲችል መሀል ገብቶ መፋለም የሚወድ ነው። ስካይዳይቭ የአየር ውጊያን ታሪክ ሲያጠና የሚውል ተማሪ ነው። ፋየርፍላይት በምድር ውበት ተመስጦ የሚበርበትን አያይም፤ ስለዚህ ይጋጫል። (ከጉደር ወደ ጌዶ ሽቅብ ስትመጡ በመኪና መስኮት ወጥቶ ሊያይ ያልቃጣው ሰው ካለ እርሱ ይፍረድበት።) ስሊንግሾት ጉረኛ ነው፤ ጉራው ደግሞ በውስጡ ላለው የበታችነት ስሜት መሸፈኛ ነው። መሪያቸው ሲልቨርቦልት ከፍታ ይፈራል።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። አውሮፕላን ሆኖ ከፍታ ይፈራል። ከውጭ ሲያዩት ቆራጥና ኮስታራ ነው፤ በውስጡ ግን በተነሣ ቁጥር ከፍርሃቱ ጋር ይታገላል። የሮቦቶቹ ሁሉ አለቃ ኦፕቲመስ ፕራይም መሪ ያደረገውም ስለ ሌሎቹ ሲጨነቅ ስለ ራሱ ፍርሃት የሚያስብበት ጊዜ እንዳያገኝ ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ "ታዲያ ለምን አይነግራቸውም?" አለች። ለማን? አልኳት። "ለጓደኞቹ ነዋ!" ጥያቄዋን ለጊዜው ያዙልኝ።

አሁን አምስቱ ሲጋጠሙ ምን እንደሚሆን ስሙ። በመጫወቻው ታሪክ መሠረት ሱፐሪዮን ሲፈጠር የአምስቱን ሐሳብ ማፈን ይኖርበታል። የአንዱ ፍርሃት፣ የሌላው ጉራ፣ የሦስተኛው መመሰጥ ከውስጥ ሽባ እንዳያደርገው አምስቱንም ዝም ያሰኛቸዋል፤ ጠላትን መደምሰስ የሚል አንድ ሐሳብ ብቻ ይይዛል። ብርቱ ነው። ነገር ግን ያልጠበቀው ሁኔታ ሲገጥመው መላ መፍጠር ይቸግረዋል። ይህን ያሰበው ደራሲ ምን ያህል አስተዋይ እንደሆነ ተመልከቱ፤ መላ የሚያመጡትን አምስት አእምሮዎች ዝም አሰኝቶ መላ ከየት ይመጣለታል?

እውነተኛው ግማሽ አምስት ሆነው አንድ መሆናቸው ነው። ውሸቱ፣ አንድ ለመሆን ዝም ማለት አለባቸው የሚለው ነው።

የአካል ምሳሌ ከጳውሎስ በፊትም በሮማና በግሪክ ተናጋሪዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ እንደሚተርከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ494 በዕዳ የተማረሩ ተራ ዜጎች ከከተማይቱ ወጥተው ተራራ ላይ ሰፈሩ። ሹማምንቱ ሜኔኒዮስ አግሪጳ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ሰው ላኩባቸው። እርሱም ተረት ነገራቸው፦ እጅ፣ አፍና ጥርስ "ሆድ ያለ ሥራ ተቀምጦ ይበላል" ብለው አደሙ፤ ሆዱን ሊቀጡ ምግብ ከለከሉት፤ በመጨረሻ እነርሱም አብረው ከሱ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ሆድ ሆዳችሁ ነውና ተመለሱ፣ አቀብሉ። ሰዎቹ እርግጥ ተመለሱ፤ ግን በተረት ብቻ አይደለም፤ የሚሟገቱላቸው የራሳቸው ተወካዮች እንዲኖሯቸው ከተስማሙ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ተረቱ ሲነገር ይህች ክፍል ትቀራለች።

ጳውሎስ ያንኑ ምሳሌ ገለበጠው። አንደኛ ቆሮንቶስ 12ን እንደገና አንብቡ፤ ከቁጥር 21 ጀምሮ ለማን እንደሚናገር እዩ። የሚገሠጸው እግር አይደለም። እጅን አታስፈልገኝም ሊል የሚቃጣው ዓይን፣ እግርን ሊንቅ የሚከጅለው ራስ ነው። ደካማ የሚመስሉት ብልቶች የግድ እንደሚያስፈልጉ ይናገራል፤ ክብር የጎደላቸው እግዚአብሔር አብዝቶ ያከበራቸው እንደሆኑም ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው ስለ መለያየት የሚያነሣው። ልብ በሉ፤ መለያየትን የሚያስቀረው የደካማው ዝምታ ሳይሆን እርስ በርስ መተሳሰቡ ነው። ነገሩም ከደመና ላይ የወረደ ትምህርት አልነበረም። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለሱ የቆሮንቶስ ሰዎች በጌታ ራት ጊዜ ምን ያደርጉ እንደነበር ታገኛላችሁ፤ ያለው ቀድሞ ይበላል፣ የሌለው ተርቦ ያያል። የአካሉ ምሳሌ የመጣው በማዕድ ዙሪያ ለሚያፍር ድሃ ነው።

ማዕድ ካልኩ አይቀር ወደ ሻይ ልውረድ። በእኛው የወጣቶች ኅብረት አንዲት እኅት በዓመታዊው ግምገማ ላይ ተነሥታ ጠየቀች፤ በየጉባኤው ሻይ የምናፈላው፣ አዳራሽ የምንጠርገው፣ ዕቃ የምናጥበው ሴቶች ብቻ የሆንነው ለምንድን ነው? መርሐ ግብር ሲወጣስ ስማችን የማይኖረው ለምንድን ነው? የተሰጣት መልስ አጭር ነበር፦ "እኅታችን፣ አካሉን አንከፋፍል።" አንድ ወንድም ወዲያው ጸሎት ጀመረ። ጸሎትን በሰው ንግግር ላይ እንደ ድስት ክዳን ሲከድኑት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጅቷ ሁለት ወር ሳትመጣ ቀረች። አካሉ አልተከፋፈለም፤ አንድ ብልት ብቻ ጎደለው፤ አብዛኞቹም ሱፐሪዮን እንደቆመ መሰላቸው።

በዚህ አንጻር መጫወቻው ከእኛ የተሻለበት ነገር አለ። የአራቱ ትንንሽ ጄቶች መጋጠሚያ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንኛቸውም ክንድ ወይም እግር መሆን ይችላሉ። የመጀመሪያ እሑድ ጠብ ተነሣ፤ የእኔ ጄት እግር አይሆንም ያላለ ልጅ የለም። እግር መሬት ይረግጣል፤ ክንድ ደግሞ መሣሪያ ይይዛል። መፍትሔውን ራሳቸው አመጡ፤ ባለፈው እሑድ እግር የነበረ በዚህ እሑድ ክንድ ይሆናል። በኦሮምኛ ዳዶ፣ በአማርኛ ወንፈል የምንለው ነው፤ ዛሬ በአንተ ማሳ፣ ነገ በእኔ። የገበሬ ልጅ ይህን ለመረዳት ኮሚቴ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ጳውሎስን የሚያውቅ አንባቢ ይሞግተኝ ይሆናል፦ "ዓይን እኮ ጆሮ አይሆንም፤ ጸጋ በተራ አይዞርም።" ልክ ነው። ማስተማር ያልተሰጠው ሰው ተራ ስለደረሰው ያስተምር አልልም። ግን ንገሩኝ፤ ብረት ድስት ማጠብ በየትኛው የጸጋ ዝርዝር ውስጥ ነው ለሴት ብቻ የተሰጠው? አንዳንዱ ቦታችን ከመንፈስ ቅዱስ የተቀበልነው ነው፤ አንዳንዱ ከልማድ የተቀበልነው ነው። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስም መጥራት የለብንም። ልጅቷ ተመልሳለች፤ ዛሬ ሻዩ በተራ ነው። የወንዶቹ ተራ ሲደርስ ሻዩ ይጠቁራል፣ ስኳሩም ሳይለካ ይገባል፤ እንጠጣዋለን።

ስለ ጉረኛው ስሊንግሾትም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2015 አምስቱ በአዲስ መልክ ሲወጡ መጀመሪያ ላይ እርሱ ቀርቶ በቦታው አልፋ ብራቮ የሚባል ሄሊኮፕተር ገባ። ሄሊኮፕተሩ ክንድም እግርም ይሆናል፤ ምንም አልጎደለም ማለት ይቻላል። የድሮዎቹ ወዳጆች ግን ጉረኛቸውን ፈለጉ፤ ኋላም ተመልሶ ወጣ። በየኅብረታችን አንድ ስሊንግሾት አለ፤ በጸሎት ሰዓት ድምፁ ከሁሉም በላይ የሚሰማ፣ የመሰከረውን ሦስቴ የሚመሰክር። ቀለል ባለ ሰው ብንተካው ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ። እኔ እዚህ ላይ የመጫወቻው ወዳጆች ወገን ነኝ።

ሳይዋጡ አንድ መሆን በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በእኛው ምዕራብ የሆነውን አስቡ። ከጌዶ በዚሁ አስፋልት ባኮን አልፋችሁ ነቀምቴ ትደርሳላችሁ፤ ኦነሲሞስ ነሲብ በኋለኛው ዘመኑ ያገለገለባት ከተማ ናት። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተወስዶ ለባርነት የተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ እንደተረጎመ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሙሉው በስዊዘርላንድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። አይራ ያለው ሴሚናሪም በስሙ ይጠራል። አስቴር ጋኖን ግን ስንቶቻችሁ ታውቋታላችሁ? እርሷም ተሸጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1886 በቀይ ባሕር ላይ ከባሪያ ጫኝ ጀልባ ነፃ ወጥታ በምጽዋ አቅራቢያ ወደ እምኩሉ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ለትርጉሙ የሚሆኑትን የኦሮምኛ ቃላት አሰባስባ ያዘጋጀችው፣ 500 ያህል ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ከቃል ወደ ጽሑፍ ያወረደችው እርሷ ናት። በ1894 የታተመው የንባብ መጽሐፍ የሁለቱም ሥራ ነው። ኦነሲሞስ አስቴርን ዝም አሰኝቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው ብዙ ቃል ይጎድለው ነበር። የምትሰማውን ሰማች፣ የሰማችውን ጻፈች፤ እርሱም ከሥራው ጋር አጋጠመው። ስሟ ከስሙ ጋር እኩል አለመጠራቱ የእነርሱ ሳይሆን የእኛ የአተራረክ ጉድለት ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ሲልቨርቦልት ለምን ለጓደኞቹ አይነግራቸውም?

ኦፕቲመስ ፕራይም ያደረገው ጥበብ እንዳለበት አልክድም። የሚፈራን ሰው ገለል ከማድረግ ይልቅ ኃላፊነት መስጠት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ግን መድኃኒቱ ፍርሃቱን በሥራ መቅበር ብቻ ነው። ጳውሎስ እንዲህ አላደረገም። ስለ አካሉ በጻፈበት በዚያው መልእክት፣ ምዕራፍ 2 መጀመሪያ ላይ፣ ወደ ቆሮንቶስ የገባ ጊዜ ደካማ እንደነበረና እየፈራ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ይነግራቸዋል። ይህ ደብዳቤ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነበር። የሚቃወሙት ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ይሰሙታል። ቤተ ክርስቲያኒቱን የተከለው ሰው "ፈርቼ ነበር" ብሎ ሲያስነብብ አስቡት።

በእኛ አካባቢ መንገድ የተዘጋባቸው ሳምንታት ነበሩ። ወደ አምቦ ለትምህርት የሄደ ወንድማችሁ መድረሱን ሳታውቁ የምታድሩበት ጊዜ። በእነዚያ ሳምንታት በኅብረታችን የሚሰማው ጸሎት ሁሉ የድል ጸሎት ነበር፤ ፈራሁ የሚል አንድም ሰው አልነበረም። በአንዱ ቅዳሜ ፕሮግራሙን የምመራው እኔ ነበርኩ። የልጅቷ ጥያቄ በአእምሮዬ ስለነበር ከመጸለያችን በፊት፣ "ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሣለሁ፤ ጸልዩልኝ" አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ከመዘምራን አንዱ፣ ድምፁ ከሁላችንም የሚያይለው፣ እናቱ ስትስል በሰማ ቁጥር እንደሚፈራ፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስድ መኪና ባይገኝስ እያለ እንደሚያድር ተናገረ። ሦስተኛዋ አለቀሰች እንጂ አልተናገረችም። ያን ቀን ጸሎታችን አጭር ነበር፤ ድምፁም ዝቅ ያለ። በማግስቱ ሁለት ወንድሞች ከእሑድ ፕሮግራም በፊት ወደዚያ ልጅ ቤት ሄደው እናቱን አዩ፤ መኪና ያለውን ጎረቤትም አስቀድመው አነጋገሩ። ለመሄድ ማወቅ ነበረባቸው፤ ለማወቅ ደግሞ ልጁ መናገር ነበረበት።

ለልጅቷም ይህንኑ ነገርኳት፤ በእርሷ ቋንቋ አሳጥሬ። "እና ሲልቨርቦልት ቢነግራቸው ይሸከሙታል?" አለች። አዎ፣ ይመስለኛል አልኳት። አሰብ አድርጋ፣ "ግን እኮ እሱ ነው ትልቁ፤ እነሱ ናቸው በእሱ ላይ የሚሰኩት" አለች። ይህንን ገና እያሰብኩበት ነው።

ዳሰሳው ዳሰሳ ነውና የመግዛት ጉዳይ ይቅረብ። ለሰንበት ትምህርት ክፍላችሁ ብትገዙት አትጸጸቱም፤ ለአንድ ልጅ ብቻ ከምትገዙት ለአምስት ልጅ ግዙት፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ጄት ይያዝ፣ ለማጋጠም ያን ጊዜ ይገናኛሉ። ሻጩን ከሣጥኑ አስወጥታችሁ መጋጠሚያዎቹን አሳዩኝ በሉት። ትንንሾቹ ቁርጥራጮች ጉሮሮ ላይ ስለሚያንቁ ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እጅ አይግቡ። ጭብጦቹንና መርገጫዎቹን በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ አፉን እሰሩት። የላላ ጉልበት በሙጫ አታጣብቁ፤ ይደርቅና ከዚያ ወዲያ አይታጠፍም። በመጋጠሚያው መሀል ቀጭን ወረቀት መሰካት ይበቃዋል።

የእኛው የግራ ጭብጥ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል። ልጆቹ ሦስት ቆርኪ ቀጥቅጠው፣ በሽቦ አስረው ሌላ ሠሩለት። ከፕላስቲኩ ስለሚከብድ ሮቦቱ ወደ ግራ ያጋድላል፤ በዚህም ምክንያት የላላው ቀኝ ጉልበት ክብደቱ ቀለለለትና አሁን ሳይደገፍ ይቆማል።